የሽያጭ ቡድንሽ የማይሰማሽ መናገር ስላልቻልሽ አይደለም

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 29 ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሳሙናና የንፅህና ዕቃ በሚያከፋፍል ድርጅት አራት ዓመት በሽያጭ ሠራሁ። ባለፈው ዓመት በሽያጭ አንደኛ ስለወጣሁ የሰባት ሰዎች ሱፐርቫይዘር አደረጉኝ። ስድስት ወር ሆኖኛል። ታርጌት የመታነው አንድ ወር ብቻ ነው፤ እሱንም ወሩ መጨረሻ ላይ ራሴ ወጥቼ ሸጬ ነው። ሁለቱ በዕድሜ ይበልጡኛል፤ አንደኛው እንዲያውም ሥራውን ያስተማረኝ ሰው ነው። ስብሰባ ላይ ዝም ይላሉ፣ ከወጡ በኋላ የፈለጉትን ይሠራሉ። አለቃዬ ‹ጠንከር በይ፣ ሁለቱን አባርሪ፣ ሌሎቹ ይስተካከላሉ› ይለኛል። እኔ ደግሞ የንግግርና የአመራር ሥልጠና ልገባ አስቤአለሁ። ተሰሚነት ያለኝ መሪ ለመሆን ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦ አራት ዓመት ሙሉ ባለሱቅ እያሳመነ ዕቃ ያስገባ ሰው የመናገር ችግር የለበትም። ስለዚህ ሥልጠናው አሁን አያስፈልግሽም። የአለቃሽ ሐሳብም አይጠቅምሽም፤ ለምን እንደሆነ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ግን ጥያቄሽ ውስጥ ሳታስቢው ያለፍሽውን አንድ ነገር ልያዝ። ታርጌት የመታችሁበትን ብቸኛ ወር «ራሴ ወጥቼ ሸጬ ነው» ብለሻል። ችግሩ ያለው እዚያ ነው።

ወሩ ሲያልቅ ራስሽ ስትወጪ ሁለት ወገን ትምህርት ይወስዳል። ቡድኑ «ጎደሎውን እሷ ትሞላዋለች» ብሎ ይይዛል። ባለሱቁ ደግሞ መስመሩን ከያዘው ሻጭ ልጅ ጋር መነጋገር ጥቅም እንደሌለው ያውቃል፤ አንቺ ስትመጪ የተሻለ ዋጋ ወይም የረዘመ ዱቤ ይገኛላ። በሚቀጥለው ሳምንት ልጁ ሲሄድ «አለቃህ ትምጣ» ይባላል። ልጁ በገዛ መስመሩ ላይ ሰው መሆኑ ቀረ ማለት ነው። ስብሰባ ላይ ዝም የሚለውም ለዚህ ይመስለኛል። ምን ብሎ ይናገር?

ይህ አንቺ ላይ ብቻ የደረሰ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 አለን ቤንሰን፣ ዳኒዬል ሊ እና ኬሊ ሹ የተባሉ ተመራማሪዎች ከ100 በላይ የአሜሪካ ድርጅቶችን የሽያጭ ሠራተኞች መረጃ መርምረው አንድ ጥናት አሳትመዋል። ብዙ የሸጠ ሰው የመሾም ዕድሉ ከፍ ያለ ሆኖ አገኙት። ነገር ግን ከመሾሙ በፊት ብዙ ይሸጥ በነበረ አለቃ ሥር ያሉ ሠራተኞች ሽያጭ ወደ ታች ያዘነብላል። ከሌሎች ጋር ተባብረው ሲሸጡ የቆዩት ደግሞ የተሻሉ አለቆች ሆኑ። ጎበዝ ሻጭ መሪ መሆን አይችልም የሚል መደምደሚያ ከዚህ አትውሰጂ። ሁለቱ ሥራዎች የተለያዩ ናቸው፣ አንቺ ደግሞ ሁለተኛውን ሥራ ገና አልጀመርሽም።

ሒሳቡን እንየው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው፣ የራስሽን አስገቢበት። አንድ ሻጭ በቀን 25 ሱቅ ይጎበኛል፣ ስምንቱ ያዛሉ እንበል። አንድ ትዕዛዝ በአማካይ 2,000 ብር ነው። በአንቺ እገዛ የሚያዙት ሱቆች ከስምንት ወደ አሥር ቢደርሱ በቀን 4,000 ብር ጨመረ ማለት ነው። በወር 24 ቀን ቢሠራ 96,000 ብር ነው። ሰባቱም እዚያ ቢደርሱ 672,000 ብር ይሆናል፤ ያውም በየወሩ። አንቺ በወሩ የመጨረሻ ሳምንት ሮጠሽ የምታመጪው ከዚህ ቢበልጥ እንኳ በሚቀጥለው ወር እንደገና ከዜሮ ትጀምሪያለሽ።

እንግዲህ ሁለቱን ሱቆች ከየት እናመጣቸዋለን? አብዛኛው ሱፐርቫይዘር እዚህ ላይ «ተበረታቱ፣ ጠንክሩ» ወደሚለው ይገባል። ሽያጭ የሚወርደው ግን በተለያየ ምክንያት ነው። ልጁ ሱቆቹን ሳይጎበኝ «ጎበኘሁ» ብሎ ይሞላ ይሆናል። ይጎበኛል ግን መሸጥ አይችልበት ይሆናል። ይሸጣል፣ ዕቃው ግን መጋዘን ውስጥ የለም። ወይም ተፎካካሪው ረዘም ያለ ዱቤ እየሰጠ ነው። አራቱም ቢሮ ውስጥ ሆነሽ ስታያቸው «ታርጌት አልመታም» የሚል አንድ ቁጥር ናቸው። የመጀመሪያው የሥነ ምግባር ጉዳይ ነው፣ ሁለተኛው ሥልጠና ይፈልጋል፣ ሦስተኛውና አራተኛው ደግሞ የአንቺና የአለቃሽ ሥራ ናቸው። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ መስመር መውጣት አለብሽ። ለመሸጥ ሳይሆን ለማየት።

አወጣጡን ዘርዘር ላድርገው፣ ሁሉም ነገር የሚወሰነው እዚህ ነው። ከአንዱ ልጅ ጋር ኮተቤ መስመር ወጣሽ እንበል። ባለሱቁ ያውቅሽ ይሆናል፣ ሰላምታው ወደ አንቺ ይመጣል። ሰላም ብለሽ «መስመሩ የእሱ ነው፣ ከእሱ ጋር ጨርሱ» በይና ወደ ጎን ሁኚ። ልጁ ይጠይቃል፤ ባለሱቁ «ያለፈውም አላለቀ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ና» ይለዋል። ልጁ «እሺ» ብሎ ሊወጣ ነው። አንቺ ግን መደርደሪያውን እያየሽ ነው። ትንሿ እሽግ ዱቄት ሳሙና ሦስት ፍሬ ቀርታለች። ፈሳሽ ሳሙናው አልቋል። አላለቀም የተባለው ደረቅ ሳሙና ደግሞ ግማሽ ካርቶኑ ከመኮሮኒ ካርቶን ሥር ተደፍኖ ተቀምጧል፤ ገዢ እንዳያየው ሆኖ። እዚህ ጋ አፍሽን ያዢ። ምላስሽ ላይ የሚመጣው ሁሉ ትክክል ነው፣ ብትናገሪው ሽያጩም ይገኛል፤ ልጁ ግን ባለሱቁ ፊት ያልቅለታል።

ወጥታችሁ መንገድ ላይ አንድ ጥያቄ ጠይቂው፦ «መደርደሪያው ላይ ምን አየህ?» ምናልባት ምንም አላየሁም ይልሻል። ችግር የለም። «የሚቀጥለው ሱቅ ከማውራትህ በፊት ቁጠር፤ የእኛን ዕቃ ሁሉ፣ አንድ በአንድ» በይው። ባለሱቁ «አላለቀም» ሲለው «ዱቄቱ ሦስት ነው የቀረው፣ ፈሳሹ የለም፣ ደረቁን ወደ ፊት ላውጣልህ?» ማለት ከቻለ ወሬው ሌላ ወሬ ሆነ። ከትንሽ ልምምድ በኋላ ይህን ራሱ ይሠራዋል። የዚያን ቀን ሌላ ምንም አታርሚ፣ አሥር ስህተት ብታዪም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሰሽ ያንኑ አንድ ነገር እዪ። ስትመለሺ ነው ከልብሽ እንደሆነ የሚያውቀው። አንድ ጊዜ መጥቶ የሚጠፋ አለቃ ሰላይ ይመስላል።

ጎበዝ ሻጭ ሆነሽ ይህን ማስተማር የሚከብድሽ ምክንያትም አለ። አንቺ መደርደሪያውን በዓይንሽ ቃኝተሽ ሳታስቢው ነው የምትሠሪው። ለዚህ ነው «እንደኔ አድርጉ» የሚለው ምክር የማይሠራው። የምትሠሪውን ቁጭ ብለሽ በወረቀት ጻፊ። ሱቅ ስትገቢ መጀመሪያ ምን ታያለሽ? «በሚቀጥለው ሳምንት ና» ስትባዪ ምን ትመልሻለሽ? ያልከፈለን ባለሱቅ እንዴት ትጀምሪዋለሽ? ያንን ወረቀት ከማንኛውም የሥልጠና ጥራዝ በላይ ትጠቀሚበታለሽ።

አሁን ወደ አስተማረሽ ሰው ልምጣ። ሁለት መንገድ አለ፣ ሁለቱም አይበጁም። አንዱ እሱን እያለፉ ሌሎቹን መምራት ነው፤ ወጣቶቹ ወዲያው ያዩታል፣ ቃልሽም ይቀልላል። ሌላው ስብሰባ ላይ ሰው ፊት ማረም ነው። ያንን ቀን አይረሳውም። በሦስተኛ ሰው መልእክት ማስላክም ተይ፣ ነገር ያባብሳል። ለብቻ፣ ከቢሮ ውጪ፣ ቡና ላይ አነጋግሪው። እንዲህ ማለት ትችያለሽ፦ «ጋሼ፣ ሥራውን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፣ አልረሳውም። አሁን በሰባታችሁም ቁጥር የምጠየቀው እኔ ነኝ። የእርስዎ መስመር ሦስት ወር በተከታታይ ወርዷል። ምን እየሆነ እንደሆነ ከእርስዎ ልስማ።» ከዚያ ዝም በይ። ዝምታው ይከብድሻል፣ ግን ቻዪው።

የሚመጣው መልስ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ የሥራ ምክንያት ይነግርሻል፤ ጅምላ ነጋዴዎቼ ሄዱ፣ ዱቤ ስለተከለከለ ነው፣ ጉልበቴም እንደድሮው አይደለም። ይህ በሥራ የሚፈታ ነው። ወይ ደግሞ በቀጥታም ሆነ በዙሪያ ጥምጥም ሹመቱ ለእኔ ይገባ ነበር ይልሻል። አትከራከሪው፣ ይቅርታም አትጠይቂ፤ ያጠፋሽው ነገር የለም። «ቅር ማለትዎ ይገባኛል። ውሳኔው የእኔ አልነበረም። አብረን መሥራት ግን አለብን» በይው። ልምዱን የሚያከብር ሥራም ስጪው፤ ለምሳሌ አዲስ የሚገባውን ልጅ የመጀመሪያውን ወር እሱ ይዞት ይውጣ። እዚህ ላይ ተጠንቀቂ፦ ያለ ክፍያ የሚሰጥ ኃላፊነት ሸክም ነው። ትንሽ አበልም ቢሆን ከአለቃሽ አስፈቅጂ። ዕለታዊ ሪፖርቱን ግን እንደ ሌሎቹ ይላክ። ስትጠሪው «እርስዎ» በይ፣ «ልጄ» ቢልሽም አትቆጪ። አክብሮትሽ ሪፖርቱን አያስቀርለትም።

ስብሰባችሁን አሳጥሪው። ሰኞ ጠዋት እያንዳንዱን እያስነሱ ቁጥር ማስነበብና መጨረሻ የወጣውን ማሸማቀቅ የተለመደ ነው፤ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ደረጃ መለጠፍም እንዲሁ። ታች ያሉት የሚማሩት መደበቅን ነው። ስለ ቁጥር እያንዳንዱን ለብቻው አነጋግሪ። ስብሰባው ላይ ሦስት ነገር በቂ ነው፦ ምን ዕቃ አለ ምን የለም፣ መስመር ላይ ምን ችግር ገጠመ፣ ባለፈው ሳምንት ቃል የገባሽው ከምን ደረሰ። ሦስተኛውን በተለይ አትዝለዪ።

ምክንያቱም ተሰሚነት የሚመጣው ከዚያ ነው። ሻጮች አለቃቸውን የሚመዝኑት ለእነሱ ሲል ከላይ ባሉት ዘንድ ምን ማስፈጸም እንደቻለ ነው። ልጁ ለባለሱቅ ነገ ይደርሳል ብሎ ቃል የገባውን ዕቃ ጭኖ አይሱዙው በሰዓቱ ይወጣል? ኮሚሽኑ በቀኑ ይከፈላል? የስሌቱስ ወረቀት ይሰጠዋል? እነዚህ ካልተሟሉ የዓለም ምርጥ ንግግር ብታደርጊም አይሰሙሽም። ሄደሽ መጋዘን ኃላፊውንና ፋይናንሱን መወትወት ካለብሽ ወትውቺ።

አንዱን ለይቼ ላንሳ፣ ብዙ ቤት ስለማየው። ባለሱቅ ዱቤ ሳይከፍል ሲጠፋ ገንዘቡን ከሻጩ ደሞዝ መቁረጥ የተለመደ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደሞዝ እንዲሁ በአለቃ ትዕዛዝ እንዲቆረጥ አይፈቅድም። በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት መሆን አለበት። ያም ሆኖ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደሞዙ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። እናንተ ጋ ይህ ካለ ልጆቹ አዲስ ሱቅ የማይከፍቱት በፍርሃት ሊሆን ይችላል። ለእያንዳንዱ ሱቅ የዱቤ ጣሪያ አስወስኚ፣ ከጣሪያው በላይ የሚሰጠውን አንቺ ፈርሚበት። ጣሪያውን ጠብቆ የሠራ ልጅ ደሞዙ አይነካም ብለሽ ከአለቃሽ ጋር ተስማሚ።

ታርጌቱ ራሱስ እንዴት ነው የወጣው? ያለፈው ዓመት ላይ 30 በመቶ ጨምሩበት ተብሎ ከሆነ በብር ነው ወይስ በካርቶን ብለሽ ጠይቂ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በውጭ ጥሬ ዕቃ የሚሠራ ምርት ዋጋ ሲለዋወጥ ቆይቷል። ዋጋ ሲጨምር በብር የሚለካ ታርጌት ያለ ሥራ ይመታል፤ ባለሱቁ ማዘዝ ሲቀንስ ደግሞ ብዙ ተሠርቶም ላይመታ ይችላል። ስለዚህ በካርቶንና ባዘዙ ሱቆች ብዛት ለኪ። ወራቱንም አታመሳስዪ። ወተት የሚያከፋፍል ሰው 55 ቀን በሚጾምበት ሁዳዴ የጥርን ታርጌት አይጠብቅም። የእናንተም ዕቃ በዓል ሲቃረብ የሚነሳበት፣ ከበዓል ማግስት የሚቀዘቅዝበት ጊዜ አለው። የሁለት ዓመት ሽያጭ በየወሩ አውጥተሽ ለአለቃሽ አሳዪው።

ታርጌትን በግፊት ብቻ ማስመታት የት እንደሚያደርስ የአሜሪካው ዌልስ ፋርጎ ባንክ በቂ ምሳሌ ነው። ባንኩ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ስምንት አገልግሎት እንዲሸጥ ይገፋ ነበር። ሠራተኞች ደንበኛው ሳያውቅ ሒሳብ ወደ መክፈት ገቡ። እ.ኤ.አ. በ2016 ባንኩ 185 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ፤ 5,300 ያህል ሠራተኞችም በዚሁ ሰበብ ተባረው እንደነበር ተገለጸ። እኛ ጋ የዚህ ወንድም ወር መጨረሻ ላይ መርካቶ ለሚገኝ ጅምላ ነጋዴ በዱቤ ዕቃ መጫን ነው። ቁጥሩ ያምራል። ዕቃው ግን አልተሸጠም፣ መጋዘን ቀይሮ ተቀመጠ እንጂ። በሚቀጥለው ወር ያው ነጋዴ አያዝም፣ አንዳንዴም ከዋጋ በታች በትኖት የራሳችሁን ልጆች መስመር ያበላሻል። አንቺም ታርጌት በመታሽበት ወር እንዲህ ያለ ነገር እንዳለ አጣሪ። መድኃኒቱ ኮሚሽን ዕቃ ሲጫን ሳይሆን ገንዘብ ሲሰበሰብ እንዲከፈል ማድረግ ነው፤ ቢያንስ ግማሹ።

ማባረርን በተመለከተ፣ አለቃሽ እንደሚለው ቀላል አይደለም። የሙከራ ጊዜ 60 የሥራ ቀናት ነው፣ ሁለቱ ያንን ካለፉ ቆይተዋል። ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ በማስጠንቀቂያ ሲሰናበት የሁለት ወር ጊዜ ይሰጠዋል፣ ከዘጠኝ ዓመት በላይ ከሆነ ሦስት ወር። ሥራ አልቻለም ለማለትም በየጊዜው የተደረገ የአፈጻጸም ምዘና ያስፈልጋል። ያንን የሚያሳይ አንድም ወረቀት ያላችሁ አልመሰለኝም። ካባረርሽም መንስኤው ካልታወቀ የሚቀጠሩት ሁለቱም እዚያው ይደርሳሉ፤ የቀሩት አምስቱ ደግሞ በድብቅ ሌላ ሥራ መፈለግ ይጀምራሉ። ጥንካሬ የሚያስፈልግበት ቦታ ግን አለ። ሳይሄድ «ጎበኘሁ» ብሎ የሚሞላ፣ የሰበሰበውን ገንዘብ ይዞ የሚያሳድር፣ ሐሰተኛ ትዕዛዝ የሚጽፍ ሰው ካለ ዕድሜም ውለታም አይታይ። በዚያው ቀን በጽሑፍ ያዢው፣ ለሰው ሀብት ክፍልም አሳውቂ። ማጭበርበር በሕጉ ያለ ማስጠንቀቂያ የሚያሰናብት ጥፋት ነው። እሱን በዝምታ ካለፍሽ ሐቀኞቹን ታጫለሽ።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። አለቃሽ ዘንድ ገብተሽ ሦስት ወር ጠይቂ። የያዝሻቸው የራስሽ ደንበኞች ካሉ ሁሉንም ለሰባቱ አከፋፍዪ፣ ባለሱቆቹ ጋ አብረሽ ሄደሽ አስረክቢ። በሦስቱ ወራት ራስሽ ምንም አትሸጪም። በሳምንት ሦስት ቀን መስመር ነሽ፣ እያንዳንዱ ልጅ ጋ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ሙሉ ወይም ግማሽ ቀን ይደርሰዋል። የቀሩትን ቀናት ለመጋዘኑ፣ ለፋይናንሱና ለግል ውይይት አውዪያቸው። የመጀመሪያው ወር ሽያጭ ሊወርድ እንደሚችል አስቀድመሽ ለአለቃሽ ንገሪው፤ እሱን ደብቀሽ ብትጀምሪ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ራስሽ መሸጥ ትጀምሪያለሽ። የምትለኪውም በቀን ያዘዙትን ሱቆች ብዛትና የተሰበሰበውን ገንዘብ ነው። እነዚህ ሁለቱ በሁለተኛው ወር ካልተነሱ ችግሩ ከቡድኑ በላይ ነው፤ ዕቃ አለመኖር፣ ዋጋ ወይም የኮሚሽን አሠራር። ያንን አንቺ በጥሩ አመራር አትፈቺውም፣ ከላይ መወሰን አለበት።

አለቃሽ ሦስቱን ወራት ከከለከለሽ፣ ወይም ሞክረሽው ሥራው እንደማይመጥንሽ ካየሽ ወደ ሽያጭ መመለስን አስቢበት። አያሳፍርም። በብዙ ድርጅት ኮሚሽን የሚያገኝ ጎበዝ ሻጭ ከሱፐርቫይዘሩ የበለጠ ይዞ ይገባል። ግን ታርጌት ባልተመታበት ወር ተገፍተሽ እንዳይሆን። የደሞዙንና የኮሚሽኑን ስሌት በወረቀት ይዘሽ፣ የትኛውን መስመር እንደምትፈልጊ ለይተሽ፣ ራስሽ ጠይቂ።